“የትኛውን ሌንስ ላስገባ?” ከሞራ ቀዶ ጥገና በኋላ ዓይን ምን ያያል

ባለፈው ዓመት እናቴን ለዓይን ምርመራ ወሰድኳት። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኗን አይቶ “ሞራው በስሏል፣ መውጣት አለበት” አለን። ይሄንንስ ጠብቀን ነበር። ያልጠበቅነው ቀጥሎ የመጣውን ነው። አንዲት ሠራተኛ ሦስት ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ሌንስ ኢንሹራንስ ይከፍላል። የቀሩት ሁለቱ ለእያንዳንዱ ዓይን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከኪስ ያስወጣሉ። “በዚህኛው ከመነጽር ከነአካቴው ትገላገላለች” አለችን፣ ጣቷን ውዱ ላይ አድርጋ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። “ልጄ፣ የሚሻለው ውዱ ነው እንዴ?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ሐኪሞችንም ሌንሱን ያስገቡ ሰዎችንም ስጠይቅ ከረምኩ። ጥያቄው የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት ያኔ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የተሰደዱት ወገኖቻችን አሁን ሞራ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከአገር ቤት ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ወላጆችንም ይኸው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ከመሠረቱ ልጀምር። ዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ ጀርባ፣ የምስር ቅርጽ ያላት ጥርት ያለች ሌንስ አለች። በወጣትነታችን ቅርጿን እየለዋወጠች አንዴ ሩቁን ተራራ፣ አንዴ እጃችን ላይ ያለውን ጽሑፍ ታሳየናለች። አርባ ዓመት ሲያልፈን እየደረቀች ትሄዳለች። መጽሐፉን ራቅ አድርገን መያዝ የምንጀምረው ያኔ ነው። ስልሳ አካባቢ ስንደርስ ቅርጿን መቀየሩን ከሞላ ጎደል ታቆማለች። ከዚያ ደግሞ እየደፈረሰች ትመጣለች። የዓይን ሞራ የምንለው ይህንን መደፍረስ ነው።

በቀዶ ጥገናው የደፈረሰችው ሌንስ ትወጣለች። ስስ ከረጢቷ ግን እዚያው ትቀራለች፣ ሰው ሠራሹ ሌንስም በእሷ ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ያበቃን እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው የገባ አብራሪዎችን ሲያክም፣ ያ ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ቢቀርም ዓይኑ እንደማይቆጣበት አስተዋለ። ከዚያ ተነስቶ በኖቬምበር 1949 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሌንስ አስገባ። ብዙ ባልደረቦቹ ለረጅም ዓመታት ተቃወሙት። ከእሱ በፊት ሞራው የወጣለት ሰው ቀሪ ዘመኑን ወፍራምና ከባድ መነጽር አድርጎ ነበር የሚኖረው።

የሪድሊ ሌንስም ሆነ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚገባው ሌንስ የሚያጠራው አንድ ርቀትን ነው። ሞኖፎካል ይሉታል። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ለሩቅ ያስተካክለዋል። ታካሚው መንገዱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የሰውን ፊት በደንብ ያያል። ለማንበብ መነጽር ያደርጋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

“ለምን መነጽሩም አይቀርም?” የሚለው ሐሳብ መልቲፎካልን ወለደ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የመጀመሪያውን ባለ ብዙ ርቀት ሌንስ፣ አሬይ የሚባለውን፣ በ1997 ፈቀደ። በ2005 ሬስቶር መጣ። እነዚህ በዋናነት ለሩቅና ለቅርብ የተሠሩ ነበሩ። ከዚያ ስማርት ስልኩና ኮምፒውተሩ ሕይወታችንን ሲሞላው የመሃሉ ርቀት፣ ክንድ ሲዘረጋ የሚደርስበት አካባቢ፣ አስፈላጊ ሆነ። በ2010 አካባቢ ባለ ሦስት ርቀት ሌንሶች በአውሮፓ ሥራ ላይ ዋሉ። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ሌንስ፣ ፓንኦፕቲክስ፣ የተፈቀደው በ2019 ነው።

አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሌንሱ ላይ በጣም ረቂቅ ቀለበቶች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ተቀርጸዋል። የሚገባውን ብርሃን ይከፍሉታል። ከፊሉን ለሩቅ፣ ከፊሉን ለቅርብ፣ በባለ ሦስቱ ደግሞ ለመሃልም። ሌንሱ ብርሃን አይጨምርም። አንድ እንጀራ ለሦስት ሰው እንደ መቁረስ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። በተለመዱት ባለ ሁለት ርቀት ሌንሶች ከሚገባው ብርሃን 41 በመቶ ያህሉ ለሩቅ፣ 41 በመቶው ለቅርብ ይሄዳል። 18 በመቶ አካባቢ የትም ሳይጠቅም ይባክናል። አዳዲሶቹ ብክነቱን ቀንሰዋል፤ የፓንኦፕቲክስ አምራች 88 በመቶውን እንደሚጠቀም ይናገራል። ያም ቢሆን መከፋፈሉ አልቀረም።

ሌላም አለ። ዓይን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ምስሎች በአንድ ጊዜ ይደራረባሉ። አንዱ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሎቹ የደበዘዙ። አንጎል ጥርት ያለውን ይዞ የቀረውን ችላ ማለት መልመድ አለበት። ለአንዳንዱ ሰው ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። ለሌላው ወራት ይፈጃል። ፈጽሞ የማይለምዱም አሉ።

ታዲያ ውጤቱ ምንድን ነው? በ2016 የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት አጥኚዎች መልቲፎካልን ከሞኖፎካል ያወዳደሩ 20 ጥናቶችን፣ በድምሩ 2,230 ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ አንድ ላይ መርምረው ነበር። ሩቅ በማየት በኩል ልዩነት አላገኙም። ቅርብ በማየት መልቲፎካሉ በልጧል። መነጽር የሙጥኝ የማለቱ ነገርም ከሲሶ በላይ ቀንሷል። በሌላ በኩል መብራት ዙሪያ የብርሃን ቀለበት የማየት ችግር ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኗል። ዓይን በሚወጋ ነጸብራቅ መቸገርም በ40 በመቶ ያህል ጨምሯል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የቀድሞዎቹን ሌንሶች የፈተኑ ናቸው፤ የዛሬዎቹ የተሻሉ ናቸው ብሎ መናገር ይቻላል። የነገሩ አቅጣጫ ግን ያው ነው፦ ከመነጽር ነጻነት ታገኛለህ፣ ከብርሃን ጥራት ትከፍላለህ።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ የመለኪያው ጉዳይ ነው። ዓይናችንን የምንፈተነው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ነው። ጥቁር ፊደል፣ ነጭ መደብ፣ ደህና ብርሃን። መልቲፎካል ያስገባ ሰው እዚያ ላይ 20/20 ማንበብ ይችላል፣ አገር ቤት ባለው አጻጻፍ 6/6፣ ጤናማ እይታ ማለት ነው። ሕይወት ግን ጥቁርና ነጭ አይደለችም። ሲመሽ ግራጫ ደረጃ መውረድ አለ። ጨለም ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰው ፊት መለየት አለ። ዝናብ እየዘነበ ጥቁር ልብስ የለበሰ መንገደኛ ማየት አለ። ፈዛዛን ነገር ከመደቡ ለይቶ የማየት አቅም በመልቲፎካል ይቀንሳል። ብዙ ሰው ይህን ቅናሽ ጭራሽ አያስተውለውም። የሚያስተውለው ግን “ዶክተር፣ ሁሉንም አነባለሁ፣ ግን ጭጋግ ነገር አለው” ይላል። ሰሌዳው ደግሞ “ምንም የለብህም” ይለዋል። ይህ ሰው አልተሳሳተም፤ ሰሌዳው የማይለካውን ነው የሚነግረን።

ሁለት ሰው አውቃለሁ። አንደኛው ማታ ማታ ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ሁለቱንም ዓይኑን መልቲፎካል አስገባ። ቀን ላይ ደስተኛ ነው፤ ስልኩንም ካርታውንም ያለ መነጽር ያያል። ማታ ግን እያንዳንዱ የትራፊክ መብራት የሸረሪት ድር መስሎ ይታየዋል። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ ተዘርግቶ መንገዱን ይሸፍንበታል። ለመልመድ ስምንት ወር ሞከረ። በመጨረሻ የማታውን ሥራ ተወ። ከቀዶ ጥገናው በፊት በምን እንደሚተዳደር የጠየቀው ሰው አልነበረም። ይሄ ያናድደኛል። ጥያቄው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም ነበር።

ሁለተኛዋ ፀጉር ቤት ያላት እህት ናት። ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ላይ ነው፦ ፀጉር፣ መስታወት፣ ካሽ ማሽን፣ ስልክ። ማታ እምብዛም አትነዳም። መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያታል፣ “ጨረቃ ዙሪያ እንዳለው” ትላለች፣ ግን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ደግማ ብትጠየቅ ያንኑ እንደምትመርጥ ነግራኛለች። ሁለቱም ያስገቡት የመልቲፎካል ሌንስ ነው። የተለያየው ኑሯቸው ነው።

የማታው ነገር ለምን እንደሚብስ ላስረዳ። ሲጨልም ብሌን ይሰፋል፣ ብዙ የሌንሱ ክፍልም ሥራ ላይ ይውላል። በጥቁር መደብ ላይ አንድ ደማቅ መብራት ሲመጣ፣ ለቅርብ ተብሎ የተከፈለው ብርሃን ሳይጠራ ተበትኖ መብራቱን ይከበዋል። ቀን ላይ ይኸው ብትን ብርሃን አለ፤ ግን ዙሪያው ሁሉ ብሩህ ስለሆነ አይታይም። ይህን ለመቀነስ አንዳንድ ሌንሶች፣ ለምሳሌ ሬስቶር፣ ብሌኑ ሲሰፋ ብዙውን ብርሃን ወደ ሩቅ እንዲልኩ ተደርገው ተሠርተዋል። ለማታ መንዳት ይረዳል። ነገር ግን በደብዛዛ ብርሃን ለሚያነብ ሰው በተቃራኒው ነው፤ ልክ ለቅርብ ብርሃን በሚያስፈልገው ሰዓት ድርሻው ይቀነስበታል። ይህን ሳነብ ወዲያው እናቴ ትዝ አለችኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በሻማ ብርሃን ዳዊቷን የምትደግም ሴት ናት። ይህንን ወረቀቱ ላይ ማንም አልጻፈውም።

መልቲፎካል የማይመከርላቸው ሰዎችም አሉ። ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ያለበት፣ ስኳር ሬቲናውን (ከዓይን ጀርባ ምስሉን የሚቀበለውን ስስ ክፍል) የነካበት፣ የሬቲናው መሃል በዕድሜ የተጎዳበት ሰው ፈዛዛ ነገር የመለየት አቅሙ ድሮውንም ቀንሷል። ከዚያ ላይ ብርሃን መከፋፈል ጉዳት ነው። ኮርኒያው (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ጠባሳ ያለበትም እንዲሁ። እዚህ ላይ የእኛ ወላጆች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ብዙዎቹ ያደጉት ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው፣ በተስፋፋበት ገጠር ነው። በልጅነት የተመላለሰ ማዝ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አዙሮ ኮርኒያን ይቧጥጣል። አሜሪካ ያለ ሐኪም ይህን በየቀኑ አያይም። ስለዚህ “ልጅ ሳለች ዓይኗን ታማ ነበር፣ ሽፋሽፍቷም ይነቀል ነበር” ብሎ መናገር የእኛ ፋንታ ነው። የዓይን ድርቀትም ቀላል ነገር አይደለም፤ ልኬቱን ያዛባል፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም እይታውን ያደበዝዛል። አስቀድሞ መታከም አለበት።

ስለ ልኬት ካነሳን፣ የሚገባው ሌንስ ኃይል የሚወሰነው የዓይንን ርዝመትና የኮርኒያን ቅርጽ በመለካት ነው። ርዝመቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ስሕተት ቢፈጠር የኃይሉ ስሕተት ወደ ሦስት ዲዮፕተር (የመነጽር ቁጥር የሚለካበት አሃድ) ይጠጋል። ዛሬ በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች ስላሉ እንዲህ ያለ ትልቅ ስሕተት እምብዛም ነው። ሆኖም ሞኖፎካል ያስገባ ሰው ግማሽ ዲዮፕተር ቢቀርበት በመነጽር ያስተካክላል፣ አይከፋውም። መልቲፎካል ግን ትንሿን ስሕተት አይታገስም። ከመነጽር ለመገላገል ብሎ የከፈለ ሰውም አይታገስም።

ደስ ሳይላቸው የቀሩ ሰዎች ጉዳይ ሲመረመር ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ብዙዎቹ የሚቸገሩት ሊስተካከል በሚችል ነገር ነው። የቀረ የእይታ ስሕተት፣ ድርቀት፣ አለዚያም ሌንሱ የተቀመጠበት ከረጢት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ መደፍረሱ። ይህን የመጨረሻውን ሰዉ “ሞራው ተመለሰ” ይለዋል። ሞራ አይመለስም። የደፈረሰው ከረጢቱ ነው፤ ያግ በሚባል ሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል። እዚህ ላይ ግን በደማቁ የማሰምርበት ነገር አለ። ቅሬታው ገና ሌንሱ እንደገባ የጀመረ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ ሌዘሩ አይቸኮል። ሌዘሩ ከረጢቱን ይቀድደዋል። ከዚያ በኋላ ሌንሱን አውጥቶ በሌላ መቀየር በጣም ይከብዳል። መቀየር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሆኖ መንገዱን መዝጋት ግን ያሳዝናል።

በሞኖፎካልና በመልቲፎካል መካከል ሌሎች ምርጫዎችም አሉ። አንዱ ጥርት ብሎ የሚታየውን ርቀት ትንሽ ዘርጋ የሚያደርግ ሌንስ ነው። ሲምፎኒ በ2016፣ ቪቪቲ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። ሩቁንና መሃሉን ያሳያሉ፣ ለደቃቅ ጽሑፍ መነጽር ሊያስፈልግ ይችላል። ሾፌሩ የነገረኝን የሸረሪት ድር ከሲምፎኒ ጋር በተያያዘም ብዙዎች ያነሱታል፤ ቪቪቲ ቀለበት ስለሌለው በዚህ በኩል ይሻላል። ሌላው መንገድ ምንም ልዩ ሌንስ አይጠይቅም። በተራው ሞኖፎካል አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ትንሽ ቀረብ ላለ ርቀት ማስተካከል ነው። ብርሃኑ አይከፋፈልም። ሁለቱ ዓይኖች ሥራ ይከፋፈላሉ። ሁሉም ሰው አይለምደውም፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት በኮንታክት ሌንስ መሞከር ይቻላል። ይህን ምርጫ በዚያ ባለ ሦስት ዋጋ ወረቀት ላይ አላየሁትም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ። አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአዛውንቶች ያለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የቀዶ ጥገናውንና የተራውን ሌንስ ወጪ ይሸፍናል። ከ2005 ጀምሮ ክሊኒኮች ለመልቲፎካል ልዩነቱን ከታካሚው እንዲቀበሉ ተፈቅዶላቸዋል። ሐኪሙ ያለ ምክንያት ውዱን ይገፋል አልልም። ግን ቤተሰብ ይህን ሥርዓት አውቆ ቢገባ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውም አለ፦ ሌንስ ከገባ በኋላ ሜዲኬር፣ ፓርት ቢ በሚባለው ክፍሉ፣ አንድ መነጽር ላይ ያግዛል። ልጆች ለወላጃቸው “ርካሹን አስገቡላት” እንዳይባሉ ብለው ሲበደሩ አይቻለሁ። ተራው ሌንስ ዝቅተኛ ሌንስ አይደለም። በማታና በደብዛዛ ብርሃን ከውዱ የተሻለ ጥራት የሚሰጠው እሱ ነው።

አገር ቤት ያለው ሥዕል ፍጹም ሌላ ነው። በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፣ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት። ለእነዚህ ሰዎች ጥያቄው የሌንስ ዓይነት አይደለም። ቀዶ ጥገናው ጋ መድረስ ነው። ሕንድ ማዱራይ የሚገኘው ኦሮላብ ከ1992 ጀምሮ ሌንስ በርካሽ ማምረት ሲጀምር፣ ድሮ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ከአሥር ዶላር በታች ወረደ። በዘመቻ በአንድ ቀን የብዙ ሰው ሞራ ማንሳት የተቻለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በልጅ እጅ እየተመሩ መጥተው በማግስቱ ብቻቸውን የሚመለሱት አዛውንቶች ዓይን ውስጥ ያለው ያ ርካሹ፣ ባለ አንድ ርቀቱ ሌንስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውዱን ሌንስ የሚጠይቁ መኖራቸው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ባለ ብዙ ርቀት ሌንስ ጥሩ ልኬት፣ የኮርኒያ ምርመራና ተከታታይ ክትትል ይፈልጋል። ሌንሱ ብቻውን አገር ቢገባ ትርጉም የለውም።

ወደ እናቴ ልመለስ። ከወረቀቱ ጋር ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እኚህኛዋ መጀመሪያ ያነሱት ሌንሱን አልነበረም። “እማማ፣ ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት?” ብለው በአስተርጓሚ ጠየቋት። እናቴ ዳዊቷን፣ ጥልፏን፣ ሽንኩርት መክተፏን ነገረቻቸው። መኪና አትነዳም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አይታያትም ነበር፤ መነጽሯን የምታወልቀው ለማንበብ ነው። ሐኪሟ ሳቅ ብለው “እንግዲያው ለቅርብ እናስተካክለው” አሉ። ተራው ሌንስ፣ ግን ለቅርብ። እንዲህ ይቻላል ብዬ እኔ አስቤም አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ግራ ዓይኗ ተሠራ። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳላት ዳዊቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተች። ቀይ ቀለሙን በጣቷ ነካካችው። “ይሄ ቀይ ነበር? እኔ ቡናማ መስሎኝ ነበር እኮ” አለች። የቀኙም ከወር በኋላ ተሠራ። አሁን በሌሊት ስትነሳ ሻማዋን ታበራለች፣ መነጽሯ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከበሩ ሳንወጣ ታወጣውና ታጠልቀዋለች።